ሕንጻውን ለጋሽ ሠራው፣ በጀቱን ማን ይያዝ? ሕዝባዊ ቤተ መጻሕፍትና ደጋፊዎቹ

የአንድ ከተማ አስተዳደር ገንዘብ ሲያጥረው በቅድሚያ ከሚቀንሳቸው አገልግሎቶች አንዱ ቤተ መጻሕፍት ነው። ውኃ ቢቋረጥ በማግስቱ አቤቱታ ይነሣል፤ ቆሻሻ ሳይነሣ ቢሰነብት ሁሉም ያውቀዋል፤ የቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ መግዣ በጀት ለሁለት ዓመት ቢታገድ ግን መደርደሪያዎቹ እንደ ወትሮው ሞልተው ስለሚታዩ፣ ጉዳቱን የሚረዱት ሠራተኞቹና ዘወትር የሚመላለሱት አንባቢዎች ብቻ ናቸው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከመዝጋት ይልቅ ለስለስ ያለ የሚመስል ሌላ መንገድ ተለምዷል። አስተዳደሩ የደጋፊዎችን ማኅበር ይጠራና «እናንተ ይህን ቤት የምትወዱት ከሆነ ቁልፉን ተረከቡን፣ በፈቃደኞች አስተዳድሩት» ይላል። ማኅበሩም ቤቱ ከሚዘጋ ብሎ ይቀበላል።

የቤቱን ወጪ በየዓመቱ ማን ይሸከም፣ አስተዳደሩ ወይስ ደጋፊዎቹ የሚለው ጥያቄ አዲስ ይምሰል እንጂ ዕድሜው ከሕዝባዊ ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ጋር እኩል ነው። ሕዝባዊ ቤተ መጻሕፍት በየትኛውም አገር ሲመሠረት ከኋላው ደጋፊ ያልነበረበት ጊዜ ከስንት አንድ ነው፤ መሬት የሰጠ፣ መጽሐፍ ያዋጣ፣ ፊርማ ያሰባሰበ፣ በምክር ቤት የተከራከረ ሰው ሁልጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ከደጋፊዎቹ መካከል ሥራቸው ከራሳቸው ዕድሜ አልፎ የዘለቀላቸው ብዙ የሰጡት አይደሉም፤ ማኅበረሰቡን በየዓመቱ እንዲከፍል ያስገደዱት ወይም ያግባቡት ናቸው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ታሪክ ይህን ልዩነት ለማሳየት የተመረጠ ነው፤ ዓመታቱና ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ጓደኞቹ በ1731 በፊላደልፊያ ያቋቋሙት የመጻሕፍት ማኅበር 50 መሥራች አባላት ነበሩት። እያንዳንዱ አባል ለመግቢያ 40 ሺሊንግ፣ ከዚያም በዓመት 10 ሺሊንግ እንዲከፍል ተስማሙ። ማኅበሩ ዛሬም አለ። የመቆየቱ ምክንያት የመጀመሪያው መዋጮ ትልቅ ስለነበረ አይመስለኝም፤ ዓመታዊው ክፍያ በደንቡ ውስጥ ስለገባ ነው። በሌላ በኩል ይህ ቤት የአባላት እንጂ የሁሉም ሰው አልነበረም፤ 40 ሺሊንግ የሌለው የእጅ ባለሙያ በሩ ላይ ይቆማል። ፍራንክሊን በስተርጅና ዘመኑ ደግሞ በስሙ የተሰየመች አንዲት የማሳቹሴትስ መንደር ለቤተ ክርስቲያኗ ደወል እንዲሰጣት ስትጠይቀው፣ ከድምፅ ይልቅ ማስተዋል ይሻላል በሚል መንፈስ በደወሉ ፈንታ መጻሕፍት ላከላት። በ1790 የመንደሯ ነዋሪዎች ተሰብስበው መጻሕፍቱን ማንኛውም ነዋሪ ያለ ክፍያ እንዲዋሳቸው ወሰኑ። እንግዲህ ሁለቱ ግማሾች በተለያየ ቦታ ይገኛሉ፦ በፊላደልፊያ ቋሚ ገቢ አለ፣ ለሁሉም ክፍት በር ግን የለም፤ በመንደሯ ክፍት በር አለ፣ ቋሚ ገቢ ግን የለም።

ሁለቱን ያገናኘችው በኒው ሃምፕሸር ግዛት የምትገኘው ትንሿ ፒተርቦሮ ናት። በ1833 አባ ኤቢዬል አቦት የተባሉ ቄስ ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት የከተማዋ ጉባኤ፣ ግዛቱ ከባንኮች ግብር ሰብስቦ ለትምህርት ካከፋፈለው ገንዘብ ላይ የተወሰነው በየዓመቱ ለመጻሕፍት መግዣ እንዲውል ወሰነ። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር፣ ለነዋሪ ሁሉ በነጻ የተከፈተ ቤተ መጻሕፍት ሲባል ብዙ ጊዜ በቀዳሚነት የምትጠቀሰው ይህች ከተማ ናት። ቄሱ ከኪሳቸው ትልቅ ሀብት አላፈሰሱም። ያደረጉት ነገር፣ ለሌላ የትምህርት ጉዳይ ሊውል ይችል የነበረን የሕዝብ ገንዘብ ወደ ቤተ መጻሕፍት እንዲዞር ጎረቤቶቻቸውን ማሳመን ነው።

በእንግሊዝ የሆነው ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበና፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ የበለጠ የሚያስተምር ነው። የፓርላማ አባሉ ዊልያም ዩዋርትና በብሪቲሽ ሙዚየም ይሠራ የነበረው፣ በወጣትነቱ ግንበኛ የነበረው ኤድዋርድ ኤድዋርድስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ እንዲወጣ ብዙ ደከሙ። ተቃዋሚዎቹ ቀላል አልነበሩም። ኮሎኔል ሲብቶርፕ የተባሉት የፓርላማ አባል እሳቸው ራሳቸው ማንበብ እንደማይወዱ፣ በኦክስፎርድ ሳሉም እንደጠሉት በግልጽ ተናግረዋል። ሌሎቹ ደግሞ ስለ ማንበብ ሳይሆን ስለ ግብር ነበር የሚጨነቁት፤ ቤቱን የሚጠቀመው ሠራተኛው፣ ግብሩን የሚከፍለው ግን ባለንብረቱ ነው ይሉ ነበር። በመጨረሻ በ1850 የወጣው ሕግ የሁለቱ ወገኖች ድርድር ውጤት በመሆኑ እንግዳ መልክ ነበረው። ከ10,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ፣ ግብር ከፋዮቹ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከፈቀዱ፣ በንብረት ግምት ላይ ከእያንዳንዱ ፓውንድ ግማሽ ፔኒ መሰብሰብ ይችላል። ገንዘቡ ለሕንጻ፣ ለመብራትና ለደመወዝ ይውላል፤ መጽሐፍ መግዛት ግን አይፈቀድበትም። መጻሕፍቱ በለጋሾች ይሞላሉ ተብሎ ታሰበ።

የዛሬ አንባቢ ይህን ሲያነብ ሊስቅ ይችላል፤ ነገር ግን ሐሳቡ ከመቶ ሰባ ዓመት በኋላም በብዙ የማዘጋጃ ቤት ቢሮዎች ውስጥ አለ። መንግሥት ጣሪያውን ያቆማል፣ ከጣሪያው በታች ያለውን ደግ ሰው ይሞላዋል የሚል እምነት ነው። ማንቸስተር ሕጉን ተጠቅማ በ1852 ቤተ መጻሕፍቷን ስትከፍት መጻሕፍቱ የተገዙት በሕዝብ መዋጮ ሲሆን፣ የፋብሪካ ሠራተኞችም ከደመወዛቸው አዋጥተውበታል። በምረቃው ቻርልስ ዲከንስ ተገኝቶ ንግግር አድርጓል፤ ኤድዋርድስም የመጀመሪያው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። መዋጮው ግን በየዓመቱ የሚደገም አልነበረም። የሚዋሱት መጻሕፍት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ያረጃሉ፣ ይጠፋሉ፣ ይቀደዳሉ፤ ምትካቸው ከየት ይምጣ? ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1855፣ ሕጉ ተሻሽሎ ግብሩ ወደ አንድ ፔኒ ከፍ እንዲል፣ በገንዘቡም መጻሕፍት እንዲገዙ፣ ከ5,000 በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞችም እንዲካተቱ ተፈቀደ። የአንድ ፔኒው ጣሪያ የተነሣው ግን በ1919 ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ የአገሪቱ ቤተ መጻሕፍት በአንድ ፔኒ ተወስነው ኖሩ ማለት ነው፤ ይህም ለትልልቅ ለጋሾች ሰፊ በር ከፈተ።

ከለጋሾቹ ሁሉ የሚልቀው አንድሩ ካርኔጊ ነው። በ1835 በስኮትላንድ ደንፈርምሊን ከሸማኔ ቤተሰብ ተወልዶ በ1848 ወደ አሜሪካ የተሰደደው ካርኔጊ፣ በልጅነቱ በአሌጌኒ ከተማ የቴሌግራም መልእክተኛ ሳለ ኮሎኔል ጀምስ አንደርሰን የተባሉ ሰው ወደ 400 የሚጠጉ የግል መጻሕፍታቸውን ለሠራተኛ ልጆች ያውሱ ነበር። በኋላ መልእክተኞች እንደ እጅ ሥራ ተለማማጆች አይቆጠሩም፣ ክፍያ መክፈል አለባቸው ሲባል ልጁ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ ተከራከረ፤ ተፈቀደለትም። ይህን ታሪክ ብዙዎች የሚያወሱት ለአንደርሰን ደግነት ነው። እኔ ግን ደብዳቤውን አስቀድማለሁ፤ በግለሰብ ፈቃድ የሚከፈት በር በግለሰብ ፈቃድ ሊዘጋ እንደሚችል ልጁ በዚያ ዕድሜው አይቶታልና።

ካርኔጊ ከሀበተ በኋላ የመጀመሪያውን ቤተ መጻሕፍት በ1883 በትውልድ ከተማው አስከፈተ። እሱና በኋላ ያቋቋመው ድርጅት በጠቅላላው 2,509 የቤተ መጻሕፍት ሕንጻዎችን በገንዘብ ደግፈዋል፤ ከእነዚህ 1,679ኙ በአሜሪካ የሚገኙ ሕዝባዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ዝናው የተመሠረተው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ውል ግን ይበልጥ ትኩረት ይገባዋል። ካርኔጊ መጽሐፍ አይሰጥም ነበር፤ የሠራተኛ ደመወዝም አይከፍልም። ገንዘቡን የሚሰጠው ለሕንጻ ብቻ ሲሆን፣ ከተማው መሬቱን እንዲያቀርብና ከስጦታው 10 በመቶ የሚሆነውን ገንዘብ በየዓመቱ ከሕዝብ በጀት እንዲመድብ በምክር ቤት ውሳኔ ቃል መግባት ነበረበት። 10,000 ዶላር የተቀበለ ከተማ በየዓመቱ 1,000 ዶላር ይከፍላል። በሌላ አነጋገር ከተማው በአሥር ዓመት ውስጥ ከለጋሹ እኩል ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የከተማው ነው። ስማቸው በግንባሩ ድንጋይ ላይ ያልተቀረጸው ግብር ከፋዮች ከካርኔጊ የበለጠ ከፍለዋል።

ውሉ ጥሩ ቢሆንም እንከን ነበረው። አንዳንድ ከተሞች ቃላቸውን አጠፉ። ሌሎቹ ገንዘቡን በአምዶች፣ በጉልላትና በምድጃ ላይ ጨርሰው ለመደርደሪያ የሚሆን ቦታ አሳጡ፤ የካርኔጊ ጸሐፊ ጀምስ በርትራም በ1911 የሕንጻ አሠራር መመሪያ አሳትሞ ለአመልካቾች መላክ የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ 10 በመቶው አነስተኛ ነበር። ማሞቂያውና የአንዲት ሠራተኛ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ለአዲስ መጻሕፍት የሚተርፈው ጥቂት ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አልቪን ጆንሰን ለካርኔጊ ድርጅት በ1916 ያቀረበው የጥናት ዘገባ ብዙዎቹ ቤቶች የመጽሐፍና የሠለጠነ ባለሙያ ድርቅ እንደመታቸው ካሳየ በኋላ፣ ድርጅቱ በ1917 አዲስ የሕንጻ ስጦታ መስጠት አቆመ። የጆንሰን ምክር ከሕንጻ ይልቅ በባለሙያዎች ሥልጠና ላይ ማተኮር ነበር።

ስጦታውን የናቁ ሰዎችም ነበሩ፤ ምክንያታቸውም ተራ እልህ አልነበረም። በ1892 በፔንስልቬንያ ግዛት በሆምስቴድ ከተማ በሚገኘው የካርኔጊ የብረት ፋብሪካ በተነሣው የሥራ ማቆም አድማ ሰው ሞቷል፣ የሠራተኞቹም ማኅበር ተሰብሯል። ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ ካርኔጊ ያሠራው የሚያምር ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት የሚሠራ ሰው መቼ ሊያነብበት ነው የሚለው ጥያቄ በሠራተኞች ዘንድ በሰፊው ይሰማ ነበር። በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የዊሊንግ ከተማ ነዋሪዎች በ1904 የሠራተኛ ማኅበራት ባደረጉት ቅስቀሳ የካርኔጊን ስጦታ በድምፅ አልቀበልም ብለዋል። ይህ ውሳኔ የመጽሐፍ ጥላቻ አይደለም፤ ማን ይስጥ፣ በምን ገንዘብ ይስጥ የሚለው ጉዳይ የማኅበረሰቡ ክብር ነው የሚል አቋም ነው።

የገንዘብ ምንጭና የአገልግሎት ዕድሜ እንዴት እንደሚያያዙ በጉልህ የሚታየው በኬንታኪ ተራሮች ነው። ከ1935 ጀምሮ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለሥራ አጦች ሥራ ለመፍጠር በዘረጋው ፕሮግራም አብዛኛዎቹ ሴቶች የሆኑ ፈረሰኛ የመጽሐፍ አድራሾች መንገድ ወዳልገባባቸው ሸለቆዎች መጻሕፍት ያደርሱ ነበር። ደመወዛቸው በወር 28 ዶላር ሲሆን ፈረሱን ወይም በቅሎውን የሚያቀርቡት ራሳቸው ናቸው። መንግሥት የሚከፍለው ደመወዙን ብቻ ነው፤ መጻሕፍቱ ከስጦታ ይመጣሉ። የወላጆችና የመምህራን ማኅበራት ሳንቲም አሰባሰቡ፣ ከሩቅ ከተሞች ያረጁ መጽሔቶች ተላኩ፤ ሠራተኞቹም ከተቀዳደዱት ገጾች የምግብ አሠራርና የጥልፍ ንድፍ እየቆረጡ በደብተር ላይ ለጥፈው አዲስ «መጽሐፍ» ይሠሩ ነበር። የእንግሊዙ የ1850 ሕግ በሌላ አህጉር እንደ ገና የተወለደ ይመስላል። በ1943 ፕሮግራሙ ሲዘጋ ደመወዙ ቆመ፣ ፈረሶቹም ቆሙ። መጻሕፍቱ አልጠፉም፣ የአንባቢው ፍላጎትም አልቀነሰም፣ ለጋሾቹም አልሞቱም። የቀረው ደመወዝ ብቻ ነበር፤ እሱም ሁሉንም ነገር ይዞ ሄደ።

የደጋፊነትን ትርጉም ከገንዘብ ውጭ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ በቨርጂኒያ ግዛት የምትገኘው አሌክሳንድሪያ ትጠቀሳለች። በዚያች ከተማ ለረጅም ዘመን በማኅበር አባላት ሲመራ የነበረው ቤተ መጻሕፍት በ1937 የከተማው ሕዝባዊ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። የሚተዳደረው ጥቁሮችም በሚከፍሉት ግብር ቢሆንም ጥቁር አንባቢ አይገባበትም ነበር። ነሐሴ 21 ቀን 1939፣ ሳሙኤል ታከር የተባለው ወጣት ጠበቃ ያዘጋጃቸው አምስት ጥቁር ወጣቶች ተራ በተራ ገብተው የመዋሻ ካርድ ጠየቁ፤ ሲከለከሉ ከመደርደሪያው አንዳንድ መጽሐፍ አንሥተው በተለያዩ ጠረጴዛዎች ተቀምጠው በጸጥታ ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ ተጠርቶ በሥርዓት ማወክ ተከሰሱ። ከተማው የመለሰው መልስ በ1940 ለጥቁሮች የተለየ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት መክፈት ነበር። ታከር በዋናው ቤተ መጻሕፍት ፈንታ የዚያኛውን ካርድ እንደማይቀበል በደብዳቤ አስታወቀ።

እነዚያን ወጣቶች የቤተ መጻሕፍቱ ደጋፊዎች ብሎ የጠራቸው በጊዜው አልነበረም። ዛሬ ግን ከዚያ ቤት ጋር በተያያዘ የሚታወሱት ከመዋጮ ዝርዝር ይልቅ እነሱ ናቸው። የታከር ክርክር መሠረቱ ቀላል ነው፦ ቤቱ በግብር የሚኖር ከሆነ የግብር ከፋዩ ነው። ቤቱ በግል ማኅበር እጅ ቢቀር ኖሮ ይህን ክርክር ማቅረብ እንዴት ከባድ እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም። ስለዚህ የገንዘቡ ምንጭ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በሩ ለማን እንደሚከፈት የሚወስን ነው። ቁልፉን ለበጎ ፈቃደኞች ማስረከብን እንደ ቀላል ነገር የሚያዩ ሰዎች ይህን ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘሉታል።

ከሁሉም በላይ ሊጠና የሚገባው፣ ነገር ግን ከአካባቢው ውጭ ብዙም የማይነሣው ምሳሌ የሚገኘው በደቡብ ሕንድ ኬረላ ነው። ፒ. ኤን. ፓኒከር የተባለው መምህር በ1926 በትውልድ መንደሩ ቤተ መጻሕፍት በማቋቋም ጀመረ። በ1945 ደግሞ በዚያን ጊዜ ትራቫንኮር በሚባለው ግዛት የሚገኙ 47 የመንደር ቤተ መጻሕፍትን በአንድ ማኅበር አስተባበረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በየመንደሩ እየዞረ ሰዎች እንዲደራጁ ይቀሰቅስ ነበር፤ የማኅበሩም መፈክር «አንብቡ፣ እደጉ» የሚል ነው። ቁጥሩ ወደ ሺዎች ደረሰ። በ1972 ከግዛቱ ሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ ለመሠረተ ትምህርት የእግር ጉዞ ተደረገ፤ በ1975 ማኅበሩ ከዩኔስኮ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ። በ1989 የወጣው የኬረላ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ ደግሞ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ አሰረ፦ የየመንደሩ ቤተ መጻሕፍት አባላት የሚመርጧቸው ምክር ቤቶች በየደረጃው እንዲኖሩ አደረገ፣ በንብረት ግብር ላይም ለቤተ መጻሕፍት የሚውል ተጨማሪ ክፍያ ደነገገ። ፓኒከር ያረፈበት ሰኔ 19 በኬረላ የንባብ ቀን ሆኖ ይከበራል።

የኬረላን መንገድ ከካርኔጊ መንገድ የሚለየው ቅደም ተከተሉ ነው። በካርኔጊ ዘመን ሕንጻው ይመጣና ማኅበረሰቡ ከኋላ ይከተላል፤ በኬረላ አንባቢዎቹ ቀድመው ተደራጁ፣ ሕንጻው አንዳንዴ ከአንድ ክፍል የማይበልጥ ሆኖ ሳለ ሥራው ተጀመረ፣ ግብሩም መጨረሻ ላይ መጣ። ግብሩ ሲመጣም የደጋፊዎቹን ቦታ አልወሰደባቸውም፤ በምርጫ የሚያስተዳድሩት እነሱ ናቸውና። «መንግሥት ከገባበት ሕዝቡ ይወጣል» የሚለው የተለመደ ሥጋት ቢያንስ በዚህ ምሳሌ አልተረጋገጠም።

ወደ ዛሬው እንመለስ። በእንግሊዝ የ1964ቱ ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች የተሟላና ውጤታማ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት የማቅረብ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ከ2010 በኋላ ማዕከላዊው መንግሥት ለአካባቢ አስተዳደሮች የሚሰጠውን ገንዘብ በብርቱ ሲቀንስ ግን «የተሟላ» ማለት ምን ያህል እንደሆነ በሕጉ አለመጻፉ ትልቅ ቀዳዳ ሆነ። ቢቢሲ በ2016 ባሰባሰበው መረጃ መሠረት በስድስት ዓመት ውስጥ በብሪታንያ 343 ቤተ መጻሕፍት ተዘግተዋል፣ ወደ 8,000 የሚጠጉ የሥራ ቦታዎች ጠፍተዋል፣ ወደ 15,500 የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞችም ተመልምለዋል። ሦስቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚናገሩት ግልጽ ነው፤ ደመወዝተኛው ሲወጣ ፈቃደኛው ገባ።

በሰሜን ምዕራብ ለንደን የሚገኘው የኬንሳል ራይዝ ቤተ መጻሕፍት የዚህን ሂደት ውስብስብነት ያሳያል። መሬቱን የሰጠው የኦክስፎርዱ ኦል ሶልስ ኮሌጅ ሲሆን፣ በ1900 የመረቀው ማርክ ትዌይን ነበር። የብሬንት ክፍለ ከተማ አስተዳደር በ2011 ከ12 ቤተ መጻሕፍቱ ስድስቱን ለመዝጋት ሲወስን ነዋሪዎቹ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በዚያው ዓመት በሁለቱም ደረጃ ተረቱ። በ2012 የጸደይ ወር አስተዳደሩ በሌሊት መጻሕፍቱንና ዕቃዎቹን አስወጣ። ያን ጊዜ ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈው የስጦታ ውል ሕይወት ዘራ፦ መሬቱ ለቤተ መጻሕፍት ካልዋለ ወደ ሰጪው ይመለሳል ይል ነበር። ሕንጻው ወደ ኮሌጁ ተመለሰና ለመኖሪያ ቤት ገንቢ ሲሸጥ፣ ከምድር ቤቱ የተወሰነው ክፍል ለነዋሪዎቹ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀር ስምምነት ተደረሰ። ዛሬ የሚያንቀሳቅሱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ደጋፊዎቹ አሸነፉ ወይስ ተሸነፉ? ሁለቱም ይባላል። ክፍሉን አትርፈዋል፤ የአስተዳደሩን ግዴታ ግን አላተረፉም፤ አሁን የመብራት ሒሳብ ሲመጣ የሚጨነቁት እነሱ ናቸው። በሌላ በኩል በዚያው በ2011 በግሎስተርሻየርና በሶመርሴት የነበሩ ነዋሪዎች አስተዳደሮቹ ቅነሳው በአቅመ ደካሞችና በአካል ጉዳተኞች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በአግባቡ አላጤኑም በማለት ተከራክረው ውሳኔዎቹን በፍርድ ቤት አሽረዋል። በአንዱ ፍርድ ቤት የተሸነፈ ክርክር በሌላው የሚረታው ብዙውን ጊዜ የትኛው ሕግ እንደተጠቀሰ በመለየቱ ነው።

ደጋፊዎች የአንድ ዓመት ጊዜ ገዝተው ያን ጊዜ በአግባቡ ሲጠቀሙበት ምን እንደሚሆን ለማየት የካሊፎርኒያዋ ሳሊናስ ትበቃለች። የደራሲ ጆን ስታይንቤክ የትውልድ ከተማ የሆነችው ሳሊናስ፣ በ2004 የቀረቡት የግብር ሐሳቦች በምርጫ ስለወደቁ ሦስቱንም ቤተ መጻሕፍቷን ልትዘጋ ነበር። ነዋሪዎችና ከሩቅ ያሉ ወዳጆች ገንዘብ አሰባስበው በጥቂት ሰዓታትም ቢሆን በሮቹ ክፍት ሆነው እንዲቆዩ አደረጉ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ መዝጊያውን ማዘግየት እንጂ መፍትሔ አይሆንም ነበር። ነገር ግን በኅዳር 2005 በሽያጭ ላይ ከእያንዳንዱ ዶላር የግማሽ ሳንቲም ተጨማሪ ግብር ለሕዝብ ውሳኔ ቀርቦ አለፈ፤ ቤተ መጻሕፍቱም በቋሚ በጀት ቀጠሉ። በሚሺጋን ግዛት የትሮይ ከተማ ደጋፊዎች በ2011 የሄዱበት መንገድ ደግሞ አስቂኝ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ይዘጋ፣ መጻሕፍቱንም እናቃጥል የሚል የማስመሰል ዘመቻ አስነሡ። የተቆጣው ሕዝብ ወጥቶ ግብሩን በድምፁ አጸደቀ። ሁሉም ከተማ ይህን ቀልድ ይችለዋል ብዬ አላምንም፤ ይሁንና ዘመቻው ሰዎችን ገንዘብ ሳይሆን ድምፅ መጠየቁ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በደጋፊዎችና በባለሙያዎች መካከል የሚነሣ አንድ አሮጌ ቅራኔም አለ፤ እሱም የመጽሐፍ ስጦታ ነው። ሰው የማይፈልገውን መጽሐፍ መጣል ስለሚከብደው ለቤተ መጻሕፍት ይሰጣል፤ ከሚመጣው ውስጥ ጊዜው ያለፈበት የትምህርት መጽሐፍ፣ የጎደለ ቅጽ፣ ማንም የማይጠይቀው ቋንቋ ብዙ ነው። አንድ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ከመቀመጡ በፊት መመርመር፣ መመዝገብ፣ በርዕሰ ጉዳይ መመደብ፣ መለያ ቁጥር ማግኘት አለበት፤ ይህ ሁሉ የሰው ጉልበት ነው። የማይነበቡ መጻሕፍት ቦታ ከያዙም የሚነበቡት ይደበቃሉ። ብዙ የደጋፊ ማኅበራት ይህን ተረድተው የተለገሱትን መጻሕፍት በአደባባይ ሽያጭ ለሕዝብ እየሸጡ ገንዘቡን ቤተ መጻሕፍቱ በመረጠው መጽሐፍ ላይ እንዲውል ያደርጋሉ። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ለጋሹ ግን አንዳንድ ጊዜ መጽሐፉ በመሸጡ ይቀየማል፤ ስለዚህ ስጦታው ሲቀበሉት በጽሑፍ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

የበጎ ፈቃደኞች ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ፈቃደኛ ሰው ለሕጻናት ተረት ሊያነብ፣ ለአረጋውያን መጽሐፍ ወደ ቤት ሊያደርስ፣ ኮምፒውተር ለማያውቅ ሰው ሊያሳይ ይችላል፤ እነዚህ ሥራዎች ደመወዝተኛው ሊደርስባቸው የማይችላቸው ተጨማሪዎች ናቸው። የትኛው መጽሐፍ ይገዛ፣ የተዋሾች ዝርዝር በምን ዓይነት ጥንቃቄ ይያዝ፣ ሕመሙን ወይም የፍርድ ጉዳዩን በተመለከተ መረጃ ፍለጋ የመጣ ሰው ምሥጢሩ እንዴት ይጠበቅለት የሚሉት ጥያቄዎች ግን ሥልጠናና ተጠያቂነት ይፈልጋሉ። በተጨማሪም ነጻ ጊዜ ያላቸው ፈቃደኞች በብዛት የሚገኙት የተሻለ ኑሮ ባለበት ሠፈር ነው። አገልግሎቱን በፈቃደኝነት ላይ ብቻ ማቆም ማለት ቤተ መጻሕፍት ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሠፈር በቅድሚያ እንዲዘጋ መፍረድ ነው። በ1994 የወጣው የዩኔስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ አገልግሎቱ በመርህ ደረጃ ነጻ እንዲሆን፣ የገንዘብ ምንጩም የአገርና የአካባቢ መንግሥታት ኃላፊነት እንዲሆን ይጠይቃል፤ በ2022 የተሻሻለውም ይህንኑ ይዟል። መግለጫ ግን ሕግ አይደለም፤ በየከተማው በጀት ውስጥ የሚገባው አንድ ሰው ሲጠይቅ ነው።

ቁልፍ እንዲረከብ የተጠየቀ የደጋፊዎች ማኅበር ከመፈረሙ በፊት አስተዳደሩን የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። የሕንጻው ባለቤት ማን ነው፣ የኪራይ ውሉስ ስንት ዓመት ነው? ጣሪያውና የኤሌክትሪክ መስመሩ ሲበላሽ ወጪው የማን ነው? ቢያንስ አንድ የሠለጠነ ባለሙያ በአስተዳደሩ ደመወዝ ይቀጥላል ወይ? ቤቱ በከተማው የጋራ ካታሎግና የመዋሻ ካርድ ውስጥ ይቆያል ወይስ ተነጥሎ ይወጣል? ከሁሉም በፊት ግን አስተዳደሩ በየዓመቱ የሚመድበው ገንዘብ በቁጥር በውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት፣ መጠኑም ከዋጋ ንረት ጋር እንዲስተካከል። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «ሁኔታዎች ሲፈቅዱ» ከሆነ ማኅበሩ ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት ጉዳዩን ለነዋሪው ስብሰባና ለምክር ቤቱ ድምፅ ቢያቀርበው ይሻለዋል፤ ከፈረመ በኋላ በበጀቱ ክርክር ላይ ያለው አቅም በእጅጉ ይቀንሳል።